ከምረቃ በኋላ፦ የመጀመሪያው ሥራ ምን ያህል ይወስናል?

ተማሪ ሆኖ የኖረ ሰው ቀጣዩን እርምጃ ብዙም አስቦበት አያውቅም። ከአምስተኛ ክፍል ቀጥሎ ስድስተኛ ነው። ከፈተና ቀጥሎ ውጤት ነው። አንዱ ሴሚስተር ሲያልቅ ሌላው ይተካል። ከዚያ ምረቃ ይመጣና ነገሩ ሁሉ ቀጥ ይላል። ጋዋኑ ይመለሳል። ፎቶው ይለጠፋል። የ«እንኳን ደስ ያለህ» መልእክት ይጎርፋል። ሳምንት ሳይሞላው እነዚያው ሰዎች «እሺ፣ አሁንስ ምን አሰብክ?» ማለት ይጀምራሉ።

ጥያቄው በራሱ ክፋት የለውም። የሚያስጨንቀው ከጀርባው ያለው ግምት ነው፤ አሁን የሚመረጠው ነገር ዕድሜ ልክ ይከተላል የሚለው። በዚህ ግምት የተነሳ አንዳንዱ ምንም ሳይወስን ወራት ያሳልፋል። ሌላው ከጭንቀቱ ለመገላገል ብቻ ያገኘው ላይ ዘሎ ይገባል። ግምቱ ጭራሽ ውሸት ነው ማለት ግን አይቻልም። ግማሹ እውነት ነው። ብዙ ተመራቂ እውነት ባልሆነው ግማሽ እንቅልፍ ሲያጣ፣ እውነት የሆነውን ልብ ሳይለው ያልፋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተማሩት ሌላ፣ የሚሠሩት ሌላ

እውነት ካልሆነው እንጀምር። የተማርኩት የትምህርት ዘርፍ የምሠራውን ሥራ ይወስናል የሚለው ነው። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ኢኮኖሚስቶች ጄሰን ኤብል እና ሪቻርድ ዳይትስ የ2010ን የአሜሪካ መረጃ መርምረው ነበር። በመጀመሪያ ዲግሪ ካቆሙ ሰዎች መካከል ከተማሩት ዘርፍ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሥራ ላይ ያሉት 27 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው አገኟቸው። ከአራት ሰው አንድ ገደማ ማለት ነው።

የሙያ ፈቃድ በሚጠየቅባቸው መስኮች ነገሩ ይለያል። ሐኪም ለመሆን ሕክምና መማር ግድ ነው። ነርስም፣ ፋርማሲስትም እንደዚያው። ከዚያ ውጭ ግን ታሪክ ተምሮ የሰው ኃይል የሚያስተዳድር፣ ፊዚክስ ተምሮ ባንክ ውስጥ የብድር ስጋት የሚያሰላ፣ ባዮሎጂ ተምሮ ሶፍትዌር የሚሸጥ ሞልቷል። ማንም ተሳስቶ አይደለም እዚያ የደረሰው። ቀጣሪው ዲግሪውን ሲያይ ብዙ ጊዜ የኮርሶቹን ዝርዝር አይመለከትም። ሰውየው ከባድ ነገር ጀምሮ መጨረሱን ነው የሚያየው። ኢኮኖሚስቱ ማይክል ስፔንስ በ1973 ያሳተመው ጥናት ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ ዲግሪ ከሚሰጠው እውቀት ሌላ፣ ቀጣሪው ሊያየው ስለማይችለው ችሎታ የሚሰጠው ምልክት አለ። በ2001 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ የሆነው በዚህ ሥራው ነው።

ስለዚህ «በሶሲዮሎጂ ዲግሪ ምን ይሠራል?» ብሎ መብሰልሰል ብዙ አያራምድም። ይልቅ ባለፉት ዓመታት ምን መሥራት እንደለመዱ መቁጠር ይሻላል። ሰው አነጋግሮ የሰሙትን አደራጅቶ መጻፍ? የተዝረከረከ መረጃ አስተካክሎ ስህተቱን ማውጣት? አምስት የማይስማሙ የቡድን አባላትን ይዞ ሥራ በቀኑ ማስረከብ? (ይህ የመጨረሻው ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አለው ብል አላጋነንኩም።) ሲቪ ላይም የሚሠራው ይኸው ነው። «የሶሲዮሎጂ ተመራቂ» የሚለውን መስመር ቀጣሪው ያልፈዋል። «ለመመረቂያ ጽሑፌ አርባ ሰው አነጋግሬ፣ ምላሹን ተንትኜ ሪፖርት ጽፌያለሁ» የሚለው ላይ ግን ቆም ይላል።

እውነት የሆነው ግማሽ

አሁን ወደ አሳሳቢው እንምጣ። በአሜሪካ በርኒንግ ግላስ ኢንስቲትዩት እና ስትራዳ የሚባሉ ድርጅቶች በ2024 ያወጡት ጥናት አለ። ከተመረቁ አንድ ዓመት የሆናቸውን ሰዎች ሲያዩ 52 በመቶዎቹ ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራ ላይ ነበሩ። ይህ ብቻውን ላያስደነግጥ ይችላል። ጀማሪ ነው፣ ይሻሻላል ይባላል። የሚያስደነግጠው ቀጥሎ ያለው ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ከጀመሩት ውስጥ 73 በመቶዎቹ ከአሥር ዓመት በኋላም ከዚያ አልወጡም።

በከፊል እዚያ የሚጀምሩት ሰዎች ከመጀመሪያውም ሌሎች እንቅፋቶች ስላሉባቸው ሊሆን ይችላል። ግን ሥራው ራሱም የሚያስርበት መንገድ አለው። የተማሩት ሳይነካ ይቀመጥና ይረሳል። አብሮ የሚውለው ሰው ሌላ ዓይነት ሥራ አያውቅም፣ ስለዚህ ወሬውም አይደርስም። ፈረቃው ለኢንተርቪው ጊዜ አይሰጥም። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ሲቪውን የሚያነብ ሰው «ይሄ ሰው እዚያ ምን ሲያደርግ ቆየ?» ይላል። አራት ዓመት ሲያልፍ ደግሞ መጠየቁንም ይተወዋል።

በሌላ በኩል፣ ክፉ ጊዜ ላይ የተመረቁ ሰዎች ታሪክ ያጽናናል። ፊሊፕ ኦሪዮፖሎስ፣ ቲል ፎን ቫክተር እና አንድሩ ሃይስ የካናዳ ምሩቃንን ለዓመታት ተከታትለው በ2012 አንድ ጥናት አሳትመዋል። ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ የተመረቁት ገቢ ሲጀምር በ9 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ጉዳቱ በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ ቀነሰ። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆን ጠፋ። እንዴት ጠፋ? ሰዎቹ ቀጣሪ እየቀየሩ ቀስ በቀስ ወደ ተሻለ ድርጅት ስለተሸጋገሩ ነው። ሮበርት ቶፔል እና ማይክል ዋርድም በ1992 ባሳተሙት ጥናት ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። አንድ ወጣት አሜሪካዊ ወንድ ሥራ በጀመረ በአሥር ዓመት ውስጥ በአማካይ ሰባት ቀጣሪ ጋ ይሠራ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ካገኘው የደመወዝ ዕድገት ቢያንስ ሲሶው የመጣው ሥራ ሲቀይር ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው ነገሩ ይገጥማል። ደካማ ጅማሬ ብቻውን ሰውን አይጥልም። ደካማ ቦታ ጀምሮ እዚያው መቅረት ነው የሚጥለው። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራ ሲመረጥ ከማዕረጉና ከሕንፃው በፊት መታየት ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚህ ወዴት መሄድ እችላለሁ?

ቀረብ ብለን እንየው። አንዲት የአካውንቲንግ ተመራቂ ሁለት ሥራ አገኘች እንበል። አንዱ ስሙ የታወቀ ትልቅ ድርጅት ነው። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ቤተሰብ ሲሰማ ደስ ይለዋል። ሥራው ግን ከቅርንጫፎች የሚመጡ ደረሰኞችን ተቀብሎ፣ ቁጥራቸውን ሲስተም ውስጥ አስገብቶ፣ ፋይል ማድረግ ነው። ሁለተኛው ሰባት ሠራተኛ ያለው ትንሽ ድርጅት ነው። ደመወዙ ያነሰ ነው፣ ቢሮው ጠባብ ነው። ግን ጠረጴዛዋ ከዋና ሂሳብ ሹሙ አጠገብ ነው። በየወሩ መጨረሻ ከባንክ የመጣውን መግለጫ ከመዝገቡ ጋር ያስታርቃሉ። የጎደለውን ይፈልጋሉ። ግብሩን አስልተው ሂሳቡን ይዘጋሉ። የመጀመሪያውን ብትመርጥ በዓመቱ ማብቂያ አንድ ፎርም አብጠርጥራ ታውቃለች። ሁለተኛውን ብትመርጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ሂሳብ ዘግታለች። «ብቻዬን ሂሳብ መዝጋት እችላለሁ» ብላ ኢንተርቪው ላይ መቀመጥ ትችላለች፣ የሚቀጥለው ቀጣሪም የሚከፍለው ለዚህ ነው።

ትልቅ ድርጅት ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። አዲስ ገቢዎችን ከክፍል ክፍል እያዘዋወሩ የሚያሠለጥኑ አሉ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ከተገኘ መያዝ ነው። ገንዘቡ የግድ የሆነበት ሰውም አለ። የታናናሾቹ የትምህርት ክፍያ እሱን የሚጠብቅ ሰው «ትንሽ ደመወዝ ይዤ ልማር» ማለት አይችልም፣ ሊወቀስም አይገባም። ለእሱ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የተሻለ የሚከፍለውን ይያዝ፣ ግን ገና ሲገባ የመውጫውን ጊዜ በልቡ ይያዝ።

ማስተርስ፣ የሚያውቁት በር

«ለምን ማስተርስ?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎች የሚመልሱት መልስ ሲጨመቅ «ሌላ ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ» የሚል ነው። ይገባኛል። ትምህርት ቤት የለመድነው ቦታ ነው። ማመልከት እናውቃለን፣ መፈተን እናውቃለን። ተማሪ ከተባሉ ደግሞ ማንም «አሁንስ ምን አሰብክ?» አይልም። ሁለት ዓመት ሰላም ይገዛል። ችግሩ ያ ሰላም ውድ መሆኑ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። ክፍያ የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ የሆነ የሁለት ዓመት ማስተርስ ተገኘ እንበል። ያም ሆኖ ተማሪው የ24 ወር ደመወዝ ያጣል። ሲጨርስ ደመወዙ 20 በመቶ ጨመረለት እንበል። ጭማሪው ያጣውን የ24 ወር ደመወዝ ለመመለስ 120 ወር ይፈጃል። አሥር ዓመት ማለት ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሥራ ላይ ቢሆን ሊያገኘው ይችል የነበረውን ዕድገት አልቆጠርንም። የትምህርት ክፍያ ሲጨመርበት ደግሞ ሂሳቡ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው።

ማስተርስ የሚያዋጣበት ጊዜ ግን በእርግጥ አለ። ምርምርና ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የሚፈልግ ሰው ያለሱ አይሄድም። የሙያ ፈቃዱ የሚጠይቀውም እንዲሁ። የትምህርት ዘርፉን ጨርሶ መቀየር የሚፈልግ ሰውም አለ፤ ኬሚስትሪ ተምሮ ወደ ሕዝብ ጤና መሻገር የፈለገ ማለት ነው። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ደግሞ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ቀላል ፈተና አለለት። ወደፊት ይዤው ብገኝ የሚለውን ሥራ ይምረጥ። ለዚያ ሥራ የወጡ አሥር ማስታወቂያዎች ፈልጎ ያንብብ። ከአሥሩ ስንቱ ማስተርስ ይጠይቃል? ስምንቱ ከጠየቁ መማር ነው። ሁለቱ ብቻ ጠይቀው ስምንቱ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ካሉ መልሱ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አንዳንድ ስኮላርሺፖች ራሳቸው ሥራ ካልሠራህ አትምጣ ይላሉ። የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠው ቼቭኒንግ ቢያንስ የሁለት ዓመት፣ ማለትም የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ጀርመን ውስጥ ዳድ (DAAD) የሚባለው የአካዳሚክ ልውውጥ ተቋም ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕም የሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል። እንደ አውሮፓ ኅብረቱ ኤራስመስ ሙንዱስ ያሉት ደግሞ የመጨረሻ ዓመት ተማሪንም ይቀበላሉ። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ እየጠበቅኩ ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ አንዳንዴ ስኮላርሺፑን ራሱን ማራቅ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ማሳሰቢያ፦ ከማመልከት በፊት የግዴታውን ክፍል አንብቡ። ቼቭኒንግ ያገኘ ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ መመለስ አለበት። የአሜሪካው ፉልብራይትም ተመሳሳይ የሁለት ዓመት ግዴታ አለበት። ይህ ለአንዱ ምንም አይደለም፣ ለሌላው ዕቅዱን ሁሉ ይለውጠዋል።

ራስን የመገመት ችግር

«የምትወደውን ሥራ» የሚለውን ምክር ሁሉም ሰምቶታል። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ግን የምንወደውን አስቀድመን እናውቃለን ብሎ ያስባል። ዮርዲ ኳድባክ፣ ዳንኤል ጊልበርት እና ቲሞቲ ዊልሰን በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ከ19,000 የሚበልጡ ሰዎችን ስለ ራሳቸው ጠይቀው ነበር። ሰዎቹ ባለፉት አሥር ዓመታት ብዙ መለወጣቸውን አመኑ። የሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ግን ብዙም አይለውጡንም አሉ። በየትኛውም ዕድሜ ያሉት እንዲህ ነበር ያሉት። ታዲያ በሃያ ሁለት ዓመቱ «የሠላሳ ሁለት ዓመቱን እኔን ምን ያስደስተዋል?» ብሎ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ የሚያሰላ ሰው፣ ገና የማያውቀውን ሰው ነው የሚያማክረው።

ከዚህ ይልቅ ሥራውን አሁን የሚሠራ ሰው ማግኘት ይቀላል። የሚያሳፍር ይመስላል እንጂ አያሳፍርም። መልእክቱ አጭር ይሁን፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ በስታቲስቲክስ ተመርቄያለሁ። እርስዎ የሚሠሩት ሥራ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ፈልጌ ነው፤ ሥራ እንዲያስቀጥሩኝ አይደለም። በሚመችዎት ሰዓት ለአሥራ አምስት ደቂቃ በስልክ ቢያነጋግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።»

ሁሉም አይመልስም። ጥቂቱ ይመልሳል፣ ያ ይበቃል። ስልኩ ሲነሳ «ሥራውን ይወዱታል?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። ሰው በጨዋነት «ጥሩ ነው» ይላል፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መረጃ ተንታኝ የሚባለው ሰው የቀኑን ግማሽ ሦስት ክፍሎች በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የላኩለትን የስም ዝርዝር ሲያስማማ እንደዋለ ይነግራችኋል። ግማሹን ደግሞ ስብሰባ ላይ። ያንን ስትሰሙ ልባችሁ ወደ ሥራው ሄደ ወይስ ዛለ? ከየትኛውም የዝንባሌ መጠይቅ የበለጠ ይህ ይናገራል።

እንዲህ ያለው ወሬ ሌላም ጥቅም አለው። ማርክ ግራኖቬተር የሚባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1973 ላሳተመው ጥናት ቦስተን አካባቢ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን አነጋግሮ ነበር። በሰው በኩል ሥራቸውን ካገኙት ውስጥ ወሬውን ያደረሳቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበረው ከስድስት አንዱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው የሰሙት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኞቻችን የምናውቀውን ያውቃሉ፣ የምንፈልገውንም ማስታወቂያ አብረውን ያያሉ። ራቅ ያለው ሰው ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው የሚውለው። በ2022 በሳይንስ መጽሔት የወጣና 20 ሚሊዮን የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን ያካተተ ሙከራም በመጠኑ የላላ ትውውቅ ከቅርብ ትውውቅ ይልቅ ወደ አዲስ ሥራ እንደሚያሸጋግር አሳይቷል። ለተመራቂ ይህ ማለት አብረው ሥራ ከሚፈልጉ ጓደኞች ግሩፕ ወጣ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ቀድማ የተመረቀችው የዶርም ልጅ፣ የተግባር ልምምድ ላይ የተቆጣጠራችሁ ሰው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪያችሁ፤ ስማቸው ስልካችሁ ውስጥ ተኝቷል።

ምን ያህል ይጠበቃል?

የተሻለ ይመጣል ብሎ መጠበቅም ዋጋ አለው፣ አለመጠበቅም እንዲሁ። ሺና አየንጋር እና ባልደረቦቿ በ2006 ባሳተሙት ጥናት ሥራ የሚፈልጉ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ተከታትለዋል። ከሁሉ የሚበልጠውን ካላገኘሁ የሚሉት ያገኙት የመነሻ ደመወዝ ይበቃኛል ከሚሉት በ20 በመቶ ይበልጥ ነበር። ግን ባገኙት ሥራ ያላቸው እርካታ ያንስ ነበር። ሲፈልጉም የበለጠ ይጨነቁ ነበር። ያላዩት ሌላ ሥራ ሁልጊዜ ዓይናቸው ላይ ነው።

እኔ ከዚህ የምወስደው፣ መስፈርቱን ከፍለጋው በፊት መጻፍን ነው። ሦስት ነገር ይበቃል። ከዚህ በታች የማልቀበለው ደመወዝ፣ መማር የምፈልገው አንድ ነገር፣ ፈጽሞ የማልሠራው አንድ ነገር። ሦስቱን የሚያሟላ ሥራ ሲመጣ ይያዛል። ካልተጻፈ ግን መስፈርቱ ጓደኛ ሥራ ባገኘ ቁጥር ይቀያየራል።

ቤተሰብ የሚያሳድረው ጫናም የሚረግበው ቀን ሲቆረጥለት ነው። ወላጅ የሚያሳስበው ልጁ የመረጠው ሥራ ስም ላይሆን ይችላል፤ ፍለጋው ማብቂያ የሌለው መሆኑ ነው። «ተዉኝ ላስብበት» ሲባል ይሰጋል። «እስከዚህ ወር በዚህ መስክ እሞክራለሁ፣ ካልሆነ እናንተ ያላችሁትን አያለሁ» ሲባል ግን ክርክሩ ወደ ስምምነት ይቀየራል። ቃሉን መጠበቅ እርግጥ ግዴታ ነው።

የራሴን ሥራ እጀምራለሁ የሚለውንም አጭር ነገር ልበለው። ገና በሃያዎቹ ሀብታም የሆነ ወጣት ታሪክ ስለሚወራ ጊዜው ያለፈበት የሚመስለው ብዙ ነው። ፒየር አዙሌ እና ባልደረቦቹ በ2020 ባሳተሙት የአሜሪካ ጥናት፣ እጅግ በፍጥነት ያደጉትን ድርጅቶች የመሠረቱ ሰዎች ሲጀምሩ አማካይ ዕድሜያቸው 45 ነበር። በዚያው ዘርፍ ቀድመው የሠሩት ደግሞ የተሻለ ተሳክቶላቸዋል። ተቀጥሮ መቆየት ህልምን መተው ተደርጎ ባይታይ ጥሩ ነው።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስስ?

ሳይነሳ የማይታለፍ ጉዳይ ነው። የስታንፎርዱ ኤሪክ ብሪንጆልፍሰን እና ባልደረቦቹ በ2025 ይፋ ያደረጉት ጥናት ከደመወዝ መዝገብ የተነሳ ነው። ቻትጂፒቲ በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ፣ ቴክኖሎጂው በብዛት በሚነካቸው ሥራዎች ላይ ከ22 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶች ቅጥር ከሌሎቹ አንጻር 13 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሶፍትዌር ሠሪነትና የደንበኛ አገልግሎት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በዚያው ሙያ ላይ ያሉ አንጋፎች ግን አልተነኩም፣ እንዲያውም ጨምረዋል። መንስኤው ቴክኖሎጂው ብቻ ነው ወይ በሚለው ላይ ኢኮኖሚስቶች እየተከራከሩ ነው።

አጥኚዎቹ የሚሰጡት ማብራሪያ ለጉዳያችን ይጠቅማል። ማሽኑ በቀላሉ የሚተካው ከመጽሐፍ የሚገኘውን እውቀት ነው፤ አዲስ ተመራቂ ይዞት የሚመጣውን ማለት ነው። ሥራ ላይ ብቻ የሚለመደውን፣ ደንበኛው ሲቆጣ ምን እንደሚባል፣ ቁጥሩ ትክክል መስሎ ስህተት ሲሆን እንዴት እንደሚታወቅ፣ መተካት ይከብደዋል። ይህ ከላይ ያልኩትን ያጠናክረዋል። ልምድ ካለው ሰው አጠገብ የሚያስቀምጥ ሥራ ድሮም ጥሩ ነበር፣ አሁን ዋጋው ጨምሯል። ከዚህ ተነስቶ ግን «የማይነካ ሙያ» ፍለጋ መሯሯጥ አያዋጣም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁሉም «ኮዲንግ ተማር» ይል ነበር።

መቼ ይለቀቃል?

የመጀመሪያ ሥራ ላይ አንድ ዓመት ሲሞላ ሁለት ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው። ዓምና የማልችለው ዛሬ ግን የምችለው ምንድን ነው? ከእኔ ሁለት ደረጃ ከፍ ያለው ሰው የሚሠራውን ሥራ መሥራት እፈልጋለሁ? ለሁለቱም መልስ ከጠፋ ፍለጋ መጀመር አለበት። ሥራው ላይ ሆኖ ነው እንጂ ለቅቆ አይደለም።

ኢኮኖሚስቱ ስቲቨን ሌቪት ስለ እንዲህ ያለ ማመንታት የተለየ ሙከራ ሠርቷል። ሕይወታቸውን የሚነካ ውሳኔ ላይ የሚያመነቱ ሰዎች ድረ ገጽ ላይ ሳንቲም እንዲወረውሩ ጋበዘ። ከ20,000 በላይ ውርወራ ተካሄደ። ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱ ሥራ ልልቀቅ አልልቀቅ የሚል ነበር። በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት ሳንቲሙ «ቀይር» ብሏቸው የቀየሩት ከስድስት ወር በኋላ ባሉበት ከቀጠሉት ይልቅ ደስተኞች ነበሩ። ሰዎቹ ግን ቀድሞውኑ ያመነቱ ናቸው። ሥራው የተመቸው ሰው ኢንተርኔት ገብቶ ሳንቲም አይወረውርም። ስለዚህ ጥናቱ ሁሉም ይልቀቅ አይልም። ወራት ሙሉ ሲያመነታ የከረመ ሰው ግን መቆየቱን እንደ ጥንቃቄ ባይቆጥረው ጥሩ ነው።

ስትለቁ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስታወጡ ስም፣ የሥራ መደብና ቀን ብቻ እንዳይጻፍ። የሠራችሁት ዋና ዋና ሥራ በዝርዝር እንዲገባ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ረቂቁን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ብትወስዱ አለቃው አይቶ ይፈርማል። ከዓመት በኋላ አለቃውም ቢቀየር፣ ድርጅቱም ቢዘጋ፣ ወረቀቱ በእጃችሁ ነው።